ዶ/ር አክሊሉ ለማና እንዶድ፡- የጤናና የልማት ሥራ የተገናኙበት ወንዝ

ስለ ኅብረተሰብ ጤናና ስለ ማኅበረሰብ ልማት በየስብሰባ አዳራሹ ብዙ ይባላል። የጤና ባለሙያዎች በአንድ አዳራሽ፣ የልማት ባለሙያዎች በሌላ አዳራሽ ይቀመጣሉ። አንዱ ወገን ስለ ክትባትና ስለ መድኃኒት ሥርጭት ያወራል፤ ሌላው ስለ መስኖ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ ገቢ ማስገኛ ሥራ ይዘረዝራል። ሁለቱም ሪፖርት ያቀርባሉ። ልብ ላለው ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ማለዳ ተነስታ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ስለምትወርድ እናት። ለእሷ ውኃው ሁለት አይደለም። የምትቀዳውም፣ ልብስ የምታጥብበትም፣ ልጇ ገብቶ የሚንቦራጨቅበትም፣ በሽታው የሚይዘውም እዚያው ነው።

ይህን ነገር ከብዙዎቻችን ቀድመው ስለተረዱ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ላወሳ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ የምርምር ተቋም ስላለ ስማቸው አዲስ አይደለም። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙ ሰው ናቸው ብለን እናልፋለን። እኔ እንደማምነው ግኝቱ የታሪኩ መጀመሪያ እንጂ ታሪኩ ራሱ አይደለም። ዋናው ታሪክ ከግኝቱ በኋላ የመጡት ሠላሳ ያህል ዓመታት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ምንድን ነው?

አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። በአሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ሙያቸው ጥገኛ ተውሳኮችንና የሚያስተላልፏቸውን ፍጥረታት ማጥናት ነበር። ያኔ አገር ቤት የተመለሰ የተማረ ሰው ከተማ ውስጥ ጥሩ ቢሮና ጥሩ ወንበር ማግኘት አይቸግረውም ነበር። እሳቸው ግን የያዙት ሙያ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ የሚጎትት ነበር።

ቢልሃርዝያ በትል የሚመጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል በታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ይወጣና ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍስ ግን ወዲያው ሰው አይይዝም። በመጀመሪያ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ መግባት አለበት። እዚያ በብዙ እጥፍ ተራብቶ ይወጣና በውኃው ውስጥ ይዋኛል። ሰው እግሩን ውኃ ውስጥ ሲያስገባ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ሲኖር ጉበትንና ጣፊያን ያሳብጣል፤ ደም ያሳጣል፤ የልጅን ዕድገትና ትምህርት ያጓትታል። ሌላው ዓይነት ደግሞ የሽንት ፊኛን ይጎዳል።

ከዚህ የምንረዳው በሽታው ሦስት እግር እንዳለው ነው። አንደኛው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ውኃ፤ ሦስተኛው ቀንድ አውጣ። ሰው በሜዳ ባይጸዳዳ እንቁላሉ ወደ ውኃ አይደርስም። ቀንድ አውጣው ባይኖር እንቁላሉ ቢደርስም ይሞታል። ሰው ወንዝ ውስጥ ባይገባ ትሉ ማንን ይይዛል? ግን ወንዝ አትግቡ ማለት ቀላል ነው። የቧንቧ ውኃ የሌለው፣ ልብሱን ሌላ ቦታ ማጠብ የማይችል፣ ከብቱን ሌላ ቦታ ማጠጣት የማይችል ሰው ወንዝ አትግባ ቢባል ወዴት ይሂድ? ቢልሃርዝያ የድህነት በሽታ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሐኪም ብቻውን አይጨርሰውም።

ዓድዋ፣ 1964

በ1964 አክሊሉ በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን እያሰሱ ነበር። ሥራቸው ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ቀንድ አውጣ መሰብሰብና መቁጠር ነው። በአንድ ቦታ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አገኙ። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሳሙና ለሁሉም አይደርስም። ሴቶቹ የሚያጥቡት የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ደቁሰው፣ ከውኃ ጋር መትተው አረፋ እንዲያወጣ አድርገው ነበር። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ እንዴት እንደሚነጣ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል።

አክሊሉ ያዩት ነገር ይህ ነው። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሕይወት ያላቸውን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

በዚህ ቦታ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። እንዶድን ለማጠቢያ ያገኘው ሳይንስ አይደለም። ዘመኑ የማይታወቅ፣ በእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የቤት ዕውቀት ነው። እነዚያ ሴቶች ቀንድ አውጣ ለመግደል አላሰቡም፤ ልብሳቸውን ለማንጣት ነበር። ስማቸውም በየትኛውም የሳይንስ መጽሔት ላይ አልተጻፈም። የአክሊሉ ትልቅነት ሴቶቹ የሚሠሩትን ሥራ እንደ ኋላቀርነት ሳይሆን እንደ መረጃ ማየታቸው ነው። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን ቀንድ አውጣውን ብቻ ቆጥሮ ሊሄድ ይችል ነበር። እሳቸው ቀንድ አውጣውንም አጣቢዋንም አዩ።

ከወንዙ ወደ ላቦራቶሪ

አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፍሬውን አድርቀውና ፈጭተው መሞከር ጀመሩ። በጣም በቀጠነ መጠን፣ በሚሊዮን ክፍል ውኃ ጥቂት ክፍል ዱቄት ቢገባ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ታየ። በ1966 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መሥራቹና መሪውም እሳቸው ሆኑ። ይህ ኢንስቲትዩት ነው ዛሬ በስማቸው የሚጠራው።

በአሜሪካ ከሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ጋር በተደረገ ሥራ ደግሞ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለየ፤ ከአክሊሉ አባት ስም ተወስዶ ለማቶክሲን የሚል ስም ተሰጠው። የሳሙና ባሕርይ ያለው፣ ማለትም አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ልብስ የሚያነጣውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው የእንዶድ ኃይል ምንጩ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚዘለል ሌላ ኢትዮጵያዊ አሉ። ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። የእሳቸው ድርሻ በእርሻው በኩል ነበር። እንዶድ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩና በየጫካው የሚበቅል ተክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እንዶድ እኩል አይደለም። የአንዱ ፍሬ ኃይለኛ ነው፤ የሌላው ደካማ። አንዱ ብዙ ያፈራል፤ ሌላው ጥቂት። ለገሠ ከየቦታው የተሰበሰቡ ዓይነቶችን እያወዳደሩ ፍሬው የበዛና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ከፍ ያለውን መረጡ። ቁጥር 44 በሚል መለያ የሚታወቀው ዝርያ በየአገሩ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው።

ይህ ክፍል ለእኔ ከግኝቱ አያንስም። ምክንያቱም ጥያቄው እንዶድ ይገድላል ወይስ አይገድልም የሚለው ብቻ አልነበረም። አንድ ገበሬ በአጥሩ ጥግ ተክሎ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ የራሱን ወንዝ ማጽዳት ይችላል ወይ የሚለውም ነበር። የመጀመሪያው የጤና ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የልማት ጥያቄ ነው። አክሊሉና ለገሠ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የያዙት።

አምስቱ የዓድዋ ዓመታት

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ሥራው ወደ ዓድዋ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ለምልከታ ሳይሆን ለሙከራ ነበር። የእንዶድ ዱቄት በአካባቢው ወንዞችና ጅረቶች በየጊዜው እየተጨመረ የቀንድ አውጣው ብዛትና የሕዝቡ ሕመም ተከታትሎ ተመዘገበ።

ውጤቱ በአኃዝ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። በከተማዋ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እነዚህን ሁለት መስመሮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። አዋቂ ሰው ቀደም ሲል የገባበት ትል ሰውነቱ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ስለዚህ ወንዙ ቢጸዳም ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ሕፃናት ግን አዲስ ናቸው። እነሱ ካልተያዙ ወንዙ በርግጥ ጸድቷል ማለት ነው። የሕፃናቱ አኃዝ የሚናገረው ስለ መታከም ሳይሆን ጭራሽ ስላለመታመም ነው።

በሌላ በኩል 33 በመቶ ማለት ከሦስት ሰው አንዱ አሁንም ታማሚ ነው ማለት ነው። እንዶድ ተአምር አልነበረም። ቀንድ አውጣዎች ከወንዙ ራስ እየወረዱ፣ ከዝናብ በኋላም እየተራቡ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሥራው መደጋገም አለበት። ቀንድ አውጣ የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ ዓሣ የሚመገብ ማኅበረሰብ ባለበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደግነቱ ንጥረ ነገሩ በውኃ ውስጥ በቀናት ይበሰብሳል እንጂ አይከማችም። ከዚህ ሁሉ በላይ ሽንት ቤት እስካልተሠራና ንጹሕ ውኃ እስካልገባ ድረስ የበሽታው ምንጭ አይደርቅም። አክሊሉ እንዶድን ለእነዚህ ምትክ አድርገው አላቀረቡትም፤ ሌላው እስኪሟላ ሕዝቡ በእጁ ባለው ነገር የሚጀምርበት መንገድ አድርገው እንጂ።

በሩ ለምን ዘገየ?

አንባቢ እዚህ ላይ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። በ1974 ይህን የመሰለ ውጤት ከተገኘ ለምን በየክልሉ፣ በየአፍሪካ አገሩ አልተስፋፋም?

ያኔ በዓለም ጤና ድርጅት ተቀባይነት የነበረው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚመረት ኬሚካል ነበር። ጥሩ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ድሃ አገር በየዓመቱ እየገዛ በየወንዙ ሊረጭ አይችልም። እንዶድ በአንጻሩ በደጃፍ ይበቅላል። ነገር ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥቅም ላይ እንዲውል የደኅንነት ምርመራ ማለፍ ነበረበት። የሚጠየቀው ምርመራ የሚካሄደው በጥቂት የበለጸጉ አገሮች ላቦራቶሪዎች በወጣ ጥብቅ የአሠራር ደረጃ ነው። ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አልተገኘም፤ ምክንያቱም ገበሬ በአጥሩ ከሚተክለው ነገር ማንም ኩባንያ አያተርፍም። በአፍሪካ የተሠራው ምርመራም ብቻውን በቂ ተደርጎ አልተወሰደም። ዓመታት በዚህ አለፉ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ሆነን እንናገር። ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ነገር ደኅንነት መጠየቅ ክፉ አይደለም። እናቶቻችን ለዘመናት ተጠቅመውበታል ማለት ብቻውን ለሐኪም ማስረጃ አይሆንም። አክሊሉም ምርመራውን አልተቃወሙም። የተከራከሩት ሌላ ነገር ነው። ጥያቄው የቀረበው መልሱን ለመፈለግ አቅም ለሌለው ወገን ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ ለመመለስ ፍላጎት የለውም። በዚያ መካከል የሚታመመው የወንዝ ዳር ልጅ ነው። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት ሌላ ቦታ ካልተደገመ አይታመንም የሚለው አስተሳሰብም ከድህነቱ ባልተናነሰ የሳይንስ እንቅፋት መሆኑን ደጋግመው ያነሱ ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ያዙ። በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳይ፣ በኋላም በዩኒሴፍ አገለገሉ፤ በጣሊያን ፍሎረንስ የሚገኘው የድርጅቱ የሕፃናት ጥናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተርም ነበሩ። ከአገር መውጣታቸው ግን ከእንዶድ አላለያቸውም። በ1983 በዛምቢያ ሉሳካ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ተካሄደ። ያለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ሥራ ተሰብስቦ በመጽሐፍ ወጣ። የዚምባብዌ ተመራማሪዎችም እንዶድን በአገራቸው ወንዞች ሞከሩ። እንዶድ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ጉዳይ ሆነ።

ሽልማቱና የቶሌዶ ነገር

በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ይኸው ሽልማት የአገራችንን የዘር ሀብት ለማዳን ለደከሙት ለዶ/ር መላኩ ወረደም ተሰጥቶ ነበር። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን መሸለማቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሦስቱም የተሸለሙት ገበሬውና የቤት እመቤቷ በእጃቸው ይዘውት በኖሩት ነገር ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

በ1990 አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል ወደ አሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ቶሌዶ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ በመርከብ የገባ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያለው ዛጎል ለበስ ፍጥረት የሐይቁን ዳርቻ ወርሮ የውኃ ቧንቧ ይደፍን ነበር። እንዶድ በእሱም ላይ ቢሞከርስ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ተሞከረ፤ ሠራም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ጥቅም ላይ የፓተንት መብት አወጣ። ለቢልሃርዝያ ሃያ አምስት ዓመት በር ሲያንኳኳ የኖረው ተክል ለሀብታም አገር ቧንቧ ሲያስፈልግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የንብረት ወረቀት ወጣለት። ኢትዮጵያና እንዶድን ያሳደጉ ማኅበረሰቦች ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ክርክሮች ውስጥ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይነሳል።

ዶ/ር አክሊሉ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እንዶድ በዓድዋ እንደሠራው በሌሎች ወንዞች በሰፊው ሲሠራ ሳያዩ ነው ያለፉት።

ዛሬስ?

ከእሳቸው ሞት በኋላ የቢልሃርዝያ ዓለም ተለውጧል። በ1970ዎቹ በጀርመን የተገኘው ፕራዚኳንቴል የተባለ ክኒን ዋጋው ረክሶ፣ በኋላም በእርዳታ በብዛት መሰጠት ጀምሮ ዋናው መሣሪያ ሆኗል። አገራችንም ከ2015 ጀምሮ በዓይነቱ ሰፊ የሆነ የትምህርት ቤት መድኃኒት እደላ አካሂዳለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ልጆችን ከከባድ ሕመም አድኗል። ስለዚህ እንዶድ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መብቱ ነው።

መልሱ ወንዙ ውስጥ ነው። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ነገ ልጁ ተመልሶ ወንዝ ሲገባ አዲስ ትል እንዳይገባበት ግን አያደርግም። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት ላልደረሱ ሕፃናት የሚሆን ዓይነት አልነበረውም፤ ለእነሱ የተዘጋጀው መድኃኒት የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካልን ድጋፍ ያገኘው በ2023 መጨረሻ ነው። በዓድዋ ከ50 ወደ 7 በመቶ የወረደው ቁጥር የማን እንደነበር እናስታውስ፤ የእነዚሁ ትንንሽ ሕፃናት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2022 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቱ ጎን ንጹሕ ውኃ፣ ሽንት ቤትና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር አብረው እንዲሄዱ መክሯል። እንደ ድርጅቱ አኃዝ በ2021 በዓለም ላይ የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ251 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በብዛት የሚገኙት በአፍሪካ ነው።

ልማት ራሱ በሽታ ይዞ ሲመጣም አይተናል። በወንጂና በመተሐራ፣ በኋላም በፊንጫ የስኳር እርሻዎች ቢልሃርዝያ መኖሩን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የመስኖ ቦይ ውኃው ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር የሚበቅልበት ለቀንድ አውጣ የተመቸ ቤት ነው። ሠራተኛው ከየአካባቢው ይመጣል፤ ቦዩ ደግሞ መታጠቢያውም መጸዳጃውም ይሆናል። በሴኔጋል የዲያማ ግድብ በ1986 ተሠርቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሪሻር ቶል በተባለችው የሸንኮራ ከተማ ቢልሃርዝያ እንደ ሰደድ እሳት ተነሳ። ግድቡን የነደፈው መሐንዲስ ቀንድ አውጣ አልቆጠረም። ክኒን የሚያድለው የጤና ሠራተኛ ደግሞ ቦዩ ሲነደፍ አልተጠራም።

የአክሊሉን ሕይወት ዛሬ ማንሳት የሚገባው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ነገሩ እንዶድን እንደ ቅርስ ማወደስ አይደለም። እንዶድ ባይኖርም እንኳ አሠራራቸው ይቀራል። በመጀመሪያ ሕዝቡ ለራሱ ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ተመለከቱ። ቀጥለው በላቦራቶሪ ፈተሹት። ከዚያም ገበሬው ራሱ ሊያመርተው በሚችል መልክ ወደዚያው ወንዝ መለሱት። በየመሥሪያ ቤታችን የምንሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተገላበጠ ነው። ሰነዱ በመጀመሪያ ይጻፋል፤ በጀቱ ቀጥሎ ይፈቀዳል፤ ማኅበረሰቡ በመጨረሻ ይጠራል፤ እሱም ለማስገንዘቢያ ስብሰባ።

ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚችሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሴቶቹን ቤት ያውቃሉ፤ ሽንት ቤቱ መቆፈሩን ያውቃሉ፤ ወንዙንም ያውቃሉ። የጎደለው የመስኖ ባለሙያው፣ የግብርናው ሠራተኛና የትምህርት ቤቱ መምህር ከእነሱ ጋር ስለ አንድ ወንዝ የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ ነው። በእርዳታ የሚመጣ ክኒን ሰጪው እጁን በሰበሰበ ዕለት ይቆማል፤ ቀንድ አውጣው ግን የማንንም በጀት አይጠብቅም። ማኅበረሰቡ የራሱ ያደረገው ሥራ ግን ሰጪው ሲሄድም ይቀራል።

አክሊሉ በ1964 ወደዚያ ወንዝ የወረዱት ቀንድ አውጣ ለመቁጠር ነበር። እዚያ ያገኙት ግን ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ሥራ ሁሉ ሁለቱን ላለመለያየት የተደረገ ትግል ነበር።